ተንጠልጥሎ የቀረው ገመድ

ትናንት ጠዋት ገና ታክሲ ውስጥ እያለሁ ስልኬ ጮኸ... አቶ ግርማ ናቸው። መካኒሳ አቦ አካባቢ ያለ የአሽከርካሪዎች ማሰልጠኛ ሥራ አስኪያጅ። ከቅጥር ሥራ ወጥቼ በራሴ ስም የያዝኩት የመጀመሪያ ሥራ የሳቸው ቢሮ ኔትወርክ ነው። ከትናንት ወዲያ ሁሉም እየሠራ አስረክቤ ነበር የወጣሁት።

«ልጄ፣ አንዱም ኮምፒውተር አይሠራም! ተመዝጋቢው በር ላይ ተሰልፏል!»

የመጀመሪያ ጥርጣሬዬ ስዊቹ ላይ ነበር፤ ኮምፒውተሮቹን የሚያገናኘው ሳጥን ማለቴ ነው። እሳቸው ባለ ስምንት ቀዳዳ ገዝተው «ሰባት ኮምፒውተር፣ አንድ ፕሪንተር፣ ልክ ስምንት!» ብለውኝ ነበር። የኢንተርኔቱ መስመርስ በየት ይግባ? ተከራክሬ ሁለተኛ ሳጥን አስገዛኋቸው። አሁን ጥፋቱ ከሱ ከሆነ... አለቀልኝ!

ስደርስ የሁለቱም ሳጥኖች መብራት እንደ እብድ ይብለጨለጫል።

«ሌላ ባለሙያ ልጥራ እንዴ?» አሉኝ።

አነጋገራቸው በጣም አመመኝ። «አንድ ሰዓት ይስጡኝ። ሳይሠራ ከዚህ ቢሮ አልወጣም!» አልኩ።

ጠረጴዛ ስር ገብቼ ገመዶቹን አንድ በአንድ መንቀል ጀመርኩ። አንድ... ምንም። ሁለት... ምንም። አምስተኛውን ስነቅል መብራቶቹ ድንገት ረጋ አሉ። ገመዱን በእጄ እየዳበስኩ ብከተለው ዞሮ ዞሮ እዚያው ሳጥን ላይ ተሰክቷል። ሁለቱም ጫፍ አንድ ሳጥን ላይ! ዳታው መውጫ አጥቶ ሲሽከረከር አድሯል።

«ይሄንን ማነው የሰካው?»

የጽዳት ሠራተኛዋ እትዬ አስካለ መጥረጊያቸውን እንደያዙ ቀረብ አሉ።

«እኔ ነኝ የኔ ልጅ... ስጠርግ አንድ ጫፉ ተሰክቶ አንዱ ተንጠልጥሎ ሳየው አሳዘነኝ። ቀዳዳውም ባዶ ነበር።»

አቶ ግርማ ፊታቸው ተለዋወጠ። ሊጮሁባቸው ነው። ዝም ብል እኔ ነፃ ነኝ... ግን አላስቻለኝም።

«አቶ ግርማ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። መስመር ስሞክርበት ቆይቼ ሳልነቅለው የሄድኩት እኔ ነኝ።»

ሰልፉን አዩ፣ እኔን አዩ። የመጀመሪያው ተመዝጋቢ ስም ስክሪኑ ላይ ወጣ።

«በይ ገመድሽን ጠቅልለሽ ያዢ» አሉ። ቀጥለው ደግሞ... «ማክሰኞ ሀይሌ ጋርመንት ያለውን ቅርንጫፋችንን ታዪልኛለሽ።»

እሄዳለሁ። ሥራውን ጨርሼ ስወጣ ግን ተንጠልጥሎ የሚያሳዝን ገመድ አለመኖሩን በእትዬ አስካለ ዓይን አይቼ ነው።