የሲባጎው ሌላኛው ጫፍ

በቅርቡ ያረፉት አጎቴ፣ መተማ ዮሐንስ ባለው ሱቃችን ሲባጎ ሳይፈትኑ ሸጠው አያውቁም። ሁለት ቁራጭ ይቋጥሩና አንዱን ጫፍ ለእኔ ሰጥተው፣ ከወንበራቸው ሳይነሱ «ያዝ፣ ጎትት!» ይሉኛል። ቋጠሮው ከተንሸራተተ ሽያጩ ቀረ።

አንድ ባለ እርሻ ለአሮጌ የድርቆሽ ማሰሪያ ማሽኑ ሲባጎ ፈልጎ መጣ። ያለን ናይለን ብቻ ስለነበር እሱኑ ማውረድ ጀመርኩ።

«ተው!» አሉኝ። ወደ ሰውየው ዞረው «ያንተ ማሽን የለመደው ቃጫ ነው። ናይለን ይንሸራተትበታል፤ ሸሕዲ ሳትደርስ ድርቆሹ መንገድ ላይ ይበተናል» አሉት።

«አባት፣ ናይለን እኮ አይበጠስም!»

«አይበጠስም፤ ይፈታል እንጂ። ከብቶችህ በጋውን ምን ሊበሉ ነው፣ ናይለን?»

ከዚያም ቃጫ ወዳለው ጎረቤታችን ላኩት። ነጋዴ ገዢውን በገዛ እጁ ለተፎካካሪ ሲያስረክብ ያየሁት ያን ቀን ነው። ቃጫ ማምጣት ስንጀምር ግን ሰውየው የእኛው ደንበኛ ሆኖ ቀረ።

ትናንት መጣ። ቃጫውን ቋጥሬ በልማድ ጫፉን ወደ አጎቴ ወንበር ዘረጋሁ። የሚይዝልኝ የለም። ከወንበሩ እግር ጋር አስሬ ጎተትኩት። ቋጠሮው አልተንሸራተተም፤ ወንበሩ ግን ባዶ ነውና እየተጎተተ እኔ ጋ መጣ።