የሙሀባው ዘይት

ባህሩ ሰውን የሚመዝነው በሞተሩ ዘይት ነበር። ጋራዡ በር ላይ አንድ ሞተር ብስክሌት ሲቆም፣ የባለቤቱን ሰላምታ ከመመለሱ በፊት የዘይቱን መለኪያ ነቅሎ በሁለት ጣቱ ያሸዋል፣ ያሸተዋል፤ ከዚያ ቀና ብሎ ሰውየውን ከእግር እስከ ራሱ ያየዋል። ያየው ነገር ደስ ያሰኘው ቀን ጥቂት ነው።

«ይህን ያፈሰስከው አንተ ነህ ወይስ ጠላትህ?» ይላል።

ሪያድ ውስጥ፣ ጉበይራ ሰፈር፣ በሞተር ዕቃ የሚያደርስ ሁሉ ይህን አፉን ያውቀዋል። የሚመጡት እጁን ስለሚፈልጉት ነው እንጂ አፉንማ ማን ይፈልገዋል። እሱም አይደብቅም፤ ይንቃቸዋል። አንዱ ዘይት የሚመርጠው በጋሎኑ ቀለም ነው። ሌላው «የሪያድ ሙቀት ከባድ ስለሆነ ወፍራም ይሻላል» ብሎ የጭነት መኪና ዘይት ይገለብጥበታል። ውድ ከሆነ ጥሩ ነው የሚልም አለ፤ ዋጋውን እንጂ ጽሑፉን አያነብም። ከሁሉ ግን ባህሩ የሚጠየፈው ጭራሽ የማይመርጠውን ነው፤ ሰው የሰጠውን ተቀብሎ የሚያፈሰውን።

እሱ ራሱ ከጎጃም ተነስቶ ባሕሩን በጀልባ፣ የየመንን በረሃ በእግሩ አቋርጦ ሳውዲ የገባ ሰው ነው። በምህረቱ ዓመት፣ ወረቀት የሌለው ሐበሻ ሁሉ ሲታፈስ፣ እንደምንም ከፊል፣ ማለትም ዋስ የሚሆነው የአገሩ ሰው፣ አግኝቶ ኢቃማውን፣ የመኖሪያ ፈቃዱን፣ አወጣና በዚሁ ሰውዬ ጋራዥ መሥራት ጀመረ። «እኔን ማንም አላመጣኝም» ማለት ይወዳል። ቪዛ የላከለት ባለውለታ የለውም፤ ዓርብ ዓርብ ሄዶ የሚጠይቀው ትልቅ ሰው የለውም። ቪዛ ልኮ ያመጣውን ሰው እንደ አባት የሚፈራ ጎረምሳ ሲያይ ሳቁ ይመጣበታል።

ጀላል እንዲህ ያለ ጎረምሳ ነበር። የወሎ ልጅ ነው፣ የደጋን፤ ሺፋ ሰፈር ላለ የተጠበሰ ዶሮ ቤት በሞተር ምግብ ያደርሳል። በ2007 ሰኔ፣ አስፋልቱ ጫማ በሚይዝበት ቀትር፣ ሞተሩን እየገፋ በላብ ተነክሮ መጣ።

«ባህሩ ወንድሜ፣ ይሄ ደባብ ይጮኻል እንጂ አይሄድም። ጋዝ ስሰጠው እንደ እብድ ይጮኻል፤ ጎማው ግን ወይ ፍንክች። ድልድይ ላይማ ወርጄ ነው የምገፋው። የዶሮ ቤቱ አለቃ፣ ሙዲሩ፣ ‘አንድ ቀን ብታረፍድ ኹሩጅ ነው፣ ኸላስ፣ ወደ አገርህ’ ብሎኛል።»

ደጋን ላይ ሦስት እህቶቹ የሚማሩት በዚህ ዶሮ ነበር። ባህሩ መለኪያውን ነቀለ፤ ዘይቱ እንደ ውኃ ቀጥኗል።

«ይሄ የመኪና ዘይት ነው። ያውም የጌቶች መኪና። ከየት አመጣኸው?»

ጀላል ከኋላ ያለውን የምግብ ሳጥን ከፍቶ አንድ ወርቃማ ጋሎን አወጣ። «ጋሼ ሙሀባው ሰጡኝ» አለ።

ሙሀባው የአንድ ትልቅ ቤት ሹፌር ነው። አሥራ ስምንት ዓመት የሰው መኪና ሲነዳ ኖሮ መኪናው የራሱ መስሎታል። ስለ ሞተር የሚያውቀው ቁልፉ ወዴት እንደሚዞር ብቻ ነው፤ ሆኖም ከጁምዓ በኋላ የደጋን ልጆች ሲሰበሰቡ ስለ ሞተር የሚያስተምረው እሱ ነው፣ የሚሰሙት እነሱ። የሚሰሙትም በከንቱ አይደለም፤ ግማሾቹን ቪዛ እየላከ ያመጣቸው ሙሀባው ነው፣ ጀላልንም ጨምሮ። ከጌታው መኪና የተረፈውን ዘይት እንደ ጠበል ያድላቸዋል። በየዓርቡም የጀላልን ሳጥን ከፍቶ ወርቃማው ጋሎን መኖሩን ያረጋግጣል።

«ስማ» አለ ባህሩ። «የመኪና ፍሪሲዮን ደረቅ ቤት ውስጥ ነው የሚኖረው፤ ዘይት አይነካውም። ያንተ ደባብ ግን ያለው አንድ ዘይት ነው፤ ሞተሩም፣ ማርሹም፣ ፍሪሲዮኑም በእሱው ይታጠባሉ። ለመኪና ተብሎ እንዲያንሸራትት የተሠራውን ስታፈስበት የፍሪሲዮኑ ሸራ መያዙን ይተዋል። ሞተሩ ይዞራል፣ ጎማው ቆሞ ያየዋል።»

ከመደርደሪያው ሰማያዊ ጋሎን አወረደ። ፊቱ ላይ ሞተር ብስክሌት ተስሎበታል፤ ጀርባው ላይ ‘ኤም ኤ’ የሚሉ ሁለት ፊደሎች አሉ። «እነዚህን ሁለት ፊደሎች ማየት ነው፤ ውፍረቱን ደግሞ የሞተሩ መጽሐፍ ይነግርሃል። በቃ። ርካሽ ስለሆነ ግን አታምኑትም።»

«እኔስ አምኛለሁ» አለ ጀላል። «ግን ዓርብ ሰማያዊውን ቢያዩት ምን እላቸዋለሁ? ያመጡኝ እሳቸው ናቸው።»

«አፍ የለህም?»

«ያመጡኝ እሳቸው ናቸው» አለ እንደገና፣ ሌላ መልስ የሚያስፈልግ አልመሰለውም። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ወርቃማው ውስጥ ብትገለብጥልኝስ?» አለ።

ባህሩ ዓይኑን አፈጠጠ። «አንተ በይሉኝታ ነው የምትሞተው። ሬሳህንም ሙሀባው ያጥበው!» ሆኖም የተቃጠለውን ሸራ ቀየረ፣ አሮጌውን ዘይት አወረደ፣ አዲሱን ሞላ፤ የተረፈውን ለመጨመሪያ እንዲሆን ወርቃማው ጋሎን ውስጥ ገለበጠለት። ያደረገው ለልጁ እንጀራ ብሎ ነው። አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ የሚባለውን የሚያውቅ ሰው ነበር፤ ያን ቀን ግን ትዝ አላለውም።

ዓርብ ሙሀባው ራሱ ጋራዡ ድረስ መጣ። ነጭ ቶብ ለብሷል፤ በአንድ እጁ መቁጠሪያ፣ በሌላው የጌታውን የመኪና ቁልፍ ይዟል፤ ቁልፉን ሰው እንዲያይለት ከፍ አድርጎ። ጀላልን መንገዱ ጫፍ ድረስ ደርሶ እንዲመለስ አዘዘው። ሞተሩ በረረ።

«አየህ?» አለ ወደ ባህሩ ዞሮ። «ትልቅ መኪና የጠጣውን ይህች ዝንብ ስትጠጣ እንዲህ ናት። እናንተ መካኒኮች የረከሰ ትሸጣላችሁ። ተማር ልጄ!»

ባህሩ በዕድሜው ምላሱን ይዞ አያውቅም። ጀላል ግን ከጀርባ ሆኖ በዓይኑ ለመነው። «እሺ ጋሼ» ብሎ ዋጠው።

ሙሀባው እዚያ ላይ ቢያቆም ጥሩ ነበር። ሞኝ ግን አንዴ ከተሳካለት ማን ያቆመዋል! ዶሮ ቤቱ ድረስ ሄዶ ለሙዲሩ ምክር ሰጠ፤ ሙዲሩም የጀላልን ሞተር አይቶ አመነና ለቀሩት አምስት ሞተሮች ሁሉ ወርቃማውን ዘይት አስገዛ። ሳምንት አልሞላም። አምስቱም እየጮኹ መቆም ጀመሩ፤ ዶሮ በየመንገዱ ቀዘቀዘ፤ ስልኩ በስድብ ተጨናነቀ።

በሚቀጥለው ዓርብ ከሰዓት ሙዲሩ አምስቱን ሞተሮች አስገፍቶ ጋራዡ መጣ። ጀላልም አለ፤ ዘይቱን የመከረ ነውና ሙሀባውም ተጠርቷል።

«አምስቱ ሲያነክሱ ያንተ ብቻ የሚበርረው ለምንድን ነው?» አለ ሙዲሩ ጀላል ላይ ጣቱን ቀስሮ። «ዘይቱ አንድ ነው። የጓደኞችህን ሞተር ምን አደረግህበት? ተናገር፤ አለዚያ ነገ ጠዋት ኹሩጅህን አስመታለሁ።»

አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይህ ነው። ጀላልን ከዚያ ሁሉ የምታወጣው አንዲት ዓረፍተ ነገር ነበረች፤ «የእኔ ዘይት ሌላ ነው» ማለት። ሙሀባው ግን አጠገቡ ቆሟል። ልጁ መሬት መሬቱን አየ።

«ልጁ ታማኝ ነው፤ ዘይቱም ወርቅ ነው» አለ ሙሀባው። ምን እንደተፈጠረ ፈጽሞ አልገባውም ነበር።

ባህሩ ጠበቀ። ሦስት እህት ትምህርት ቤት ያስቀመጠ ሰው ለአንድ ሹፌር ኩራት ብሎ አፉን ሲዘጋ ማየት አንገፈገፈው። የጀላልን ሳጥን ከፍቶ ጋሎኑን አወጣ፤ ከእሱ በአንድ መዳፉ፣ ለአምስቱ ሞተሮች ከተገዛው በሌላ መዳፉ ጠብ አደረገና ሙዲሩ አፍንጫ ሥር ዘረጋው።

«እሻቸው! ይህ እኔ የሞላሁት የሞተር ዘይት ነው። ይህ ደግሞ ይህ ሽማግሌ ያዘዘው። አሥራ ስምንት ዓመት መሪ ጨብጦ ዘይት ከዘይት የማይለይ ደንቆሮ እንዳያፍር ተብሎ ነው የእኔ ዘይት በወርቃማው ጋሎን የተደበቀው። ልጁ ጥፋቱ ቢኖር እሱን ማክበሩ ነው!»

ሙዲሩ በጣቱ አሸት አሸት አደረገና ገባው፤ ሳቁም መጣ። አምስቱ ሞተረኞችም ሳቁ። የሙሀባው መቁጠሪያ እጁ ላይ ቆመ። ቶቡን ሰብስቦ ወጣ።

ጀላል ተረፈ። ሲወጣ ግን ወደ ባህሩ ቀረበ።

«አላህ ይስጥህ፣ አውጥተኸኛል» አለ። «ግን ለሙዲሩ ለብቻው በጆሮው ብትነግረውስ ምን ነበረበት?»

እንዲህ ማድረግ እንደሚቻል እንኳ በባህሩ ልብ አልመጣም ነበር።

ከዚያ ወዲህ አምስቱ ሞተሮች የባህሩ ደንበኛ ሆኑ፤ ስድስተኛው ግን አልመጣም። አንድ ቀን ጋራዡ ውስጥ እያለ ከጉበይራ ድልድይ በኩል የሚያውቀውን ጩኸት ሰማ። ብቅ ሲል ጀላል ነው፤ ድልድዩ ሥር ሲደርስ ወረደና በዚያ ፀሐይ ሞተሩን ሽቅብ መግፋት ጀመረ። ወርቃማው ጋሎን ከኋላ በገመድ ታስሯል፣ ሰው ሁሉ እንዲያየው።

«ምን ሆኖ ነው ይሄ ጅል?» አለው ባህሩ፣ ሸራ ሊያስቀይር የመጣውን አሊዪን። አሊዪ ከአምስቱ ሞተረኞች አንዱ ነው፤ እሱም የደጋን ልጅ።

«ጋሼ ሙሀባው አፍረው ዓርብ እኛ ዘንድ መምጣት ትተው ነበር» አለ አሊዪ። «ጀላል እሳቸው የሚሠሩበት ቤት በር ድረስ ሄዶ ‘ጋሼ፣ ዘይት አልቆብኛል’ አላቸው። የሰጡትን ወርቃማ ዘይት እዚያው እሳቸው እያዩ ሞተሩ ውስጥ አፈሰሰው። ባለፈው ዓርብ መጡ። አሁን እሱ ላለማርፈድ ከሁላችንም ቀድሞ ይነሳል፣ ድልድዩን በእግሩ ይገፋል። አንድ ቀን ሙዲሩ ካየው ግን ኸላስ ነው።»

ባህሩ ስድብ ሊያወጣ አፉን ከፈተ። ደንቆሮ፣ በይሉኝታ የታወረ፣ ሁሉም ምላሱ ጫፍ ላይ ነበሩ። አልወጡም። በዚያ ቶብ ለባሽ ሹፌር መቅናቱን ሲያውቅ ራሱን ናቀ። ለሙሀባው ብሎ ድልድይ የሚገፋ ሰው አለ። ለባህሩ ማን ይገፋል?

ከመደርደሪያው አዲስ የፍሪሲዮን ሸራ አወረደና በጋዜጣ ጠቅልሎ ለአሊዪ ሰጠው።

«ለጀላል አድርስልኝ።»

«ማን ላከው ልበለው?»

ባህሩ ጀርባውን ሰጥቶ ቁልፎቹን መልቀም ጀመረ።

«ማንም አልላከውም በለው» አለ።