የተሸፈነችው ቀይ ነጥብ

ደመናዋ የሚለውን ስም ያወጡላት የአየር ትንበያ መሥሪያ ቤቱ ባልደረቦቿ ናቸው። ሰው እያነጋገረች ዐይኗ ከሰውዬው ትከሻ በላይ ወደ መስኮቱ ይሸሻል። ባሏ ልብስ ሰፊ ነው፤ የሠርጋቸውን ፎቶግራፍ ለእንግዳ ሲያሳይ፣ «እኔ ወደ እሷ፣ እሷ ወደ ሰማዩ» ይላል፤ እውነትም ፎቶግራፉ ላይ እንደዚያው ናቸው።

ሥራዋ ከሳተላይት የሚወርዱ ምስሎችን ማንበብ ነው። በግራዋ ያለው ስክሪን ባሕሩን ያሳያል፣ አውሎ ነፋስ የሚፀነስበትን፤ በቀኟ ያለው ደግሞ የብሱን፣ ሰደድ እሳት የሚነሣበትን። አውሎ ነፋሶቹን እንደ ሰፈር ልጆች ነው የምታናግራቸው። ገና መጠቅለል የጀመረውን፣ «ወዴት ነህ አንተ፣ ተመለስ» ትለዋለች፤ ማንንም ሳይነካ ባሕሩ ላይ የተበተነውን «ጎበዝ» ብላ ትሸኘዋለች። በእሳት ግን አትቀልድም።

ሳተላይቱ ከዙሪያው ይልቅ የጋለ ቦታ ሲያገኝ ምስሉ ላይ ቀይ ነጥብ ይጥላል፤ ማስጠንቀቂያውም በቀጥታ ወደ እሳት አደጋ ጣቢያ ይሄዳል። ችግሩ ሳተላይት የሚቃጠል ጫካንና የሚሠራ ምድጃን ለይቶ አለማወቁ ነው። ስለዚህ እሳት የማይለያቸው ቦታዎች፣ እንደ ሲሚንቶ ፋብሪካውና እንደ ጡብ ምድጃዎቹ ያሉት፣ በእጅ ይሸፈናሉ፤ ማሽኑ እዚያ የሚያየውን ሙቀት እንዳላየ ያልፋል።

ከተሸፈኑት አንዱ የታላቅ ወንድሟ የጡብ ምድጃ ነው። ሰውዬው ከከተማ ወጣ ብሎ፣ ሣር በለበሰ ኮረብታ ግርጌ ይኖራል። በፊት በፊት ምድጃውን ባቀጣጠለ ቁጥር የእሳት አደጋ መኪና እየጮኸ ከች ይል ነበር። አንድ ቀን እሳት አጥፊዎቹን ሻይ ጋብዞ ከሸኘ በኋላ ደወለላትና፣ ያቺ የሰማይ ሰላይሽ ሥራ ካስፈታችኝ ቀለቤ በአንቺ ነው አላት። እሷም አለቃዋን አስፈቅዳ ምድጃውን ከነዙሪያው ሸፈነችለት።

እሷ ጋሼ ትለዋለች፣ እሱ ሚጢጢ ይላታል። ጠጉሯ ሸብቶም ሚጢጢ ናት። እናታቸው ከሞተች ወዲህ ያሳደጋት እሱ ነው፤ የትምህርት ቤት ጫማዋም፣ አልጋዋ ራስጌ የተሰቀለው የዓለም ካርታም ከዚያ ምድጃ የወጡ ናቸው። ሚስቱ ካረፈች በኋላ ብቻውን ስለቀረ፣ እኛ ጋ ና ብላ ያልለመነችበት ሳምንት የለም። መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነበር፤ ምድጃውን ለማን ጥዬ?

በዚያ ቀን የመሥሪያ ቤቱ ሰው ሁሉ የተሰበሰበው ግራው ስክሪን ፊት ነበር። ባሕሩ ላይ የሚሽከረከረው አውሎ ነፋስ መካከሉ ላይ ያለው ዐይኑ ጥርት ብሎ ወጥቷል። የወደብ ሰዎች በየደቂቃው ይደውላሉ። ከዩኒቨርሲቲ ጀምሮ ጓደኛዋ የሆነው አለቃዋ ስልኩን በትከሻውና በጆሮው መካከል ቆልፎ ይንጎራደዳል። ዝናቡ የብስ የሚደርሰው በማግሥቱ ነው። ከዚያ በፊት ግን አውሎ ነፋሱ የየብሱን አየር ወደ ራሱ ይስባል፤ ኮረብታዎቹ ላይ ደረቅ ነፋስ ይወርዳል። ደመናዋ የምትፈራው እሱን ነበር።

ከምሳ በኋላ በወረደው ምስል ላይ ክር የመሰለ ጭስ አየች። ሙቀት የሚያሳየው ምስል ላይ ግን ቀይ ነጥብ የለም። ጭሱን በጣቷ ተከትላ ብትወርድ መነሻው የጋሼ ምድጃ ዘንድ ነው። ደሟ ፈላ። በዚህ ነፋስ ጡብ ይተኮሳል? ደወለችለት።

«ጋሼ፣ ምድጃው እየነደደ ነው?»

«አዎ፣ ምነው?» አለ።

ሣሩ እንደ ወረቀት መድረቁን፣ ነፋሱም መበርታቱን ነግራ አሁኑኑ እንዲያጠፋው አዘዘችው። እሺ፣ ይጠፋል አላት። እንዲህ በቀላሉ እሺ ማለቱ ደስ አላሰኛትም።

ቀጥሎ በወረደው ምስል ላይ ጭሱ ወፍሯል። መልሳ ደወለች። ውሃ አፍስሼበታለሁ፣ አፉንም በጭቃ መርጌዋለሁ አለ። ታዲያ ለምን ይብስበታል ብትለው፣ እንጨቱ እርጥብ ስለሆነ ነው ብሎ እርፍ። ደመናዋ ግን ያደገችው ከዚያው ምድጃ ጎን ነው። የምድጃ ጭስ ከአንድ አፍ ነው የሚወጣው፤ ይህኛው ከሥሩ እየሰፋ ነበር።

«ጋሼ፣ አሁን ፊት ለፊትህ የሚታይህ ምንድን ነው?»

ዕቃ እንደ ሰበረ ልጅ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ግድግዳ» አላት። «አልጋ ላይ ነኝ። ምድጃው ከቀዘቀዘ ሁለት ዓመት ሊሆነው ነው፣ ሚጢጢ። ጉልበቴ እምቢ አለኝ። ብነግርሽ እንደ ዕቃ ጭነሽ ትወስጂኛለሽ ብዬ ነው።»

ለመቆጣት ጊዜ አልነበራትም። ሽፋኑን አነሣችው። ቀያዮቹ ነጥቦች የኮረብታውን ጀርባ እንደ ኩፍኝ ወረውት ታዩ፤ ወደ ቤቱም እየወረዱ ነው። ማሽኑ ሁሉንም እንደ ምድጃ ቆጥሮ ሲያልፋቸው ቆይቷል። «ወንድሜ ጋ እሳት ነው» አለች፣ ጮክ ሳትል። አለቃዋ የወደቡን ሰው ስልኩን ዘግቶበት ወደ እሳት አደጋ ጣቢያው ደወለ።

መንገዱ በጭስ ተውጧል። ጭቃ ያወጣበት የነበረው ጉድጓድ ግን ከቤቱ በታች ነው፤ ራቁቱን የቀረ ቀይ አፈርና ጭቃ ስለሆነ እዚያ የሚቃጠል ነገር የለም። ወደዚያ እንዲወርድ ነገረችው።

«በዚህ ጉልበት?»

«ዳህ፣ ጋሼ።»

«መዳህ ያስተማርኩሽ እኔ፣ አሁን ታዥኛለሽ» አለና ስልኩን ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተው።

ከዚያ የሰማችው የምርኩዙን ኳኳታ፣ ሳሉን፣ ድንጋይ ጉልበቱን በወጋው ቁጥር የሚያወርደውን እርግማን ነበር። በመካከሉ መስመሩ ተቋረጠ። ብትደውል አይነሣም። ግራው ስክሪን ላይ አውሎ ነፋሱ አቅጣጫ ለወጠ፤ ዞር ብላ አላየችውም።

የደወለላት የእሳት አጥፊዎቹ አዛዥ ነው። ወንድሟን እስከ ወገቡ ጭቃ ውስጥ ተቀምጦ አግኝተውታል፤ ምነው ዘገያችሁ ብሎም ተቆጥቷቸዋል። የቤቱ ጣሪያ ሄዷል። ምድጃው ምንም አልሆነም፤ ለእሱ እሳት ብርቁ አይደለም። ደመናዋ አመስግና ስልኩን ዘጋችና ፊቷን ወደ ግራው ስክሪን መለሰች።

ጋሼ በስተመጨረሻ እንደ ዕቃ ተጭኖ መጣ። የልብስ መስፊያው ክፍል ውስጥ እግሩን በርጩማ ላይ ሰቅሎ፣ የእህቱ ባል የሚሰፋውን ሱሪ ሁሉ ጠማማ ነው እያለ ይውላል። አለቃዋ በበኩሉ የተሸፈኑ ቦታዎች ባለቤቶች ሁሉ እየተደወለላቸው ይጠየቁ አለ፤ ገና እያነደዱ ነው ወይስ ትተውታል? አንድ የዕረፍት ቀን ደመናዋ ከቤት ሆና ስትደውል ጋሼ ያዳምጥ ነበር። የምታነጋግራቸው ሁሉ እያነደድን ነው ይሏታል።

«እስቲ አምጪው» አለና ስልኩን ተቀበላት።

ከአንድ ሽማግሌ ጡብ ሠሪ ጋር ስለ እንጨት ውድነትና ስለ ጭቃው ጥራት ካወራ በኋላ፣ መጨረሻ የተኮሰው ጡብ ምን መልክ እንዳወጣ ጠየቀው። ሰውዬው ተንተባተበ። ጋሼ ምርኩዙን ከጉልበቱ ላይ አነሣና ጎንበስ አለ።

«ወንድም ዓለም» አለው፣ «የቱ ጉልበትህ ነው? ግራው ነው ቀኙ?»

ሽማግሌው ስለ ጉልበቱና ስለ ቀዘቀዘው ምድጃው ማውራት ጀመረ፤ ጋሼም «እህ፣ እህ» እያለ ወንበሩ ላይ ተመቻቸ። ደመናዋ ኮምፒውተሯን ሳብ አድርጋ የሰውዬውን ምድጃ ሽፋን አነሣች።