የባለቤቴ ድርድርና የእኔ ጸሎት

ባለቤቴ ለድርድሩ ቃለ ጉባኤ ያዥ ሆና ስትመረጥ ቀናሁ። አልሸሽገውም። ሁለታችንም ሶዶ ውስጥ በአንድ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ እናስተምራለን፤ ለቦታው የተሰጠውን ፈተናም ጎን ለጎን ተቀምጠን ነው የወሰድነው። ሁለት ጎረቤት መንግሥታት ድንበር ላይ ስለታገዱት ስደተኞች አዲስ አበባ ሊደራደሩ ነበር። እሷ አለፈች፣ እኔ ቀረሁ። "እንኳን ደስ አለሽ" ስላት ጉንጬን እስኪያመኝ ፈገግ አልኩ።

ከሄደች በኋላ እኔ የእሷ ባል ብቻ ሆኜ ቀረሁ። ባጃጅ ውስጥ ስገባ ሾፌሩ "መንግሥታቱ ተስማሙ እንዴ?" ይለኛል፣ እኔ ሰብስቤ ያስቀመጥኳቸው ይመስል። ትምህርት ቤት የእሷን ክፍለ ጊዜ በእኔ ላይ ደረቡት። አንድ ቀን በቴሌቪዥን ዜና ላይ ትከሻዋ ብቅ አለ። ከጎኗ የተቀመጠ ባለ ክራባት ሰውዬ የውሃ ጠርሙስ ከፍቶ አቀበላት። ስለ ስደተኞቹ ምን እንደተባለ አልሰማሁም፤ ያየሁት ጠርሙሱን ነው። በስምንት ዓመት ትዳራችን እኔ ውሃ ከፍቼ አቀብያት አላውቅም።

ስትደውል "ምን ላይ ደረሳችሁ?" እላታለሁ።

"ምስጢር ነው፣ አይነገርም። ብቻ ጸልይልን" ትለኛለች።

እሷና ሰውዬው የሚያውቁትን እኔ ባሏ አላውቅም።

እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌው ተነሡና "የእህታችን ባለቤት ወደ ፊት ይውጣና ስለ ድርድሩ ይጸልይ" አሉ። ወጣሁ። ምእመኑ እጁን ወደ እኔ ዘረጋ። በአማርኛ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ መሪዎቹ እንዲራሩ፣ ድንበሩ እንዲከፈት ለመንኩ። አሜን፣ አሜን ተባለ፤ ፊት የተቀመጡ አንዲት እናት አለቀሱ። ቦታዬ ተመልሼ ዓይኔን ጨፈንኩና እናቴ መጸለይ ባስተማረችኝ በወላይትኛ በሆዴ ሌላ ጸሎት ጸለይኩ። ይፍረስ አልኩ። ይፍረስና ትመለስልኝ። ከልቤ የጸለይኩት ይህንኛውን ነው።

ሐሙስ ድርድሩ ተቋረጠ ተባለ። ቅዳሜ ረፋዱ ላይ መናኸሪያ ሄጄ ተቀበልኳት። ደስታዬ አላስቀምጥ ብሎኝ ሻንጣዋን ከረዳቱ እጅ ነጠቅሁ። ለምሳ የምትወደውን፣ ከቆጮ የሚሠራውን ሙቿ በቅቤና በአይብ አሠርቼላት ነበር።

ቀርቦላት አየችው እንጂ አልነካችውም።

"እናቶችና ሕፃናት ቀድመው እንዲሻገሩ ተስማምተው ነበር" አለች በኋላ። አሁን ምስጢር የሚባል ነገር አልቀረም። "ፊርማ ብቻ ነበር የቀረው። ስምምነቱን ያጻፉት እኔን ነው። ሰኞ ይሻገሩ ነበር።"

"ሰውዬውስ?" አልኳት፣ እንደ ቂል።

"የቱ ሰውዬ?"

"ውሃ የሰጠሽ።"

"የሌላኛው ወገን ቃለ ጉባኤ ያዥ? እህቱ ልጆቿን ይዛ እዚያ ድንበር ላይ ናት። ሲያለቅስ ትቼው ነው የመጣሁት።"

ሙቿውን ወደ እሷ አስጠጋሁ።

"ትጸልይልን ነበር?" አለችኝ።

"አዎ።"

እጄን ያዘችኝ። "እስቲ ማዕዱን ባርክ። በወላይትኛ ይሁን። አማርኛም እንግሊዝኛም ሰልችቶኛል።"

አፌን ከፈትኩ። በዚያ ቋንቋ መጨረሻ ላይ የለመንኩትን እግዚአብሔርም እኔም እናውቃለን። እጇ እጄ ውስጥ ነው፤ ዓይኗን ጨፍና ትጠብቃለች።

በአማርኛ ጀመርኩ።