ሦስት ሰዓት፣ በማን አቆጣጠር?

ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት፤ ድሬዳዋ

ሚኒባሱ ሞልቶ ፀሐይ ሳትጠነክር ተነሳን። የምሄደው ሐረር፣ ወላጆቼ ቤት ነው። መርከበኛው ወንድሜ ናሆም «ቅዳሜ በሦስት ሰዓት ሲንጋፖር ወደብ ላይ ኔትወርክ አገኛለሁ፤ ከዚያ ለሳምንታት ባሕር ላይ ነኝ» ብሎ ጽፎልኛል። ምስል የሚያሳይ ስልክ ያለኝ ደግሞ እኔ ነኝ። የዛሬ ሁለት ዓመት ናሆም መምህርነቱን ትቶ ሲሄድ፣ አባዬ ክፍላቸውን ዘግተው ሳይመርቁት ቀሩ። ባለፈው ሳምንት ግን ራሳቸው ደውለው «ልጁን አገናኚኝ» አሉኝ። እንዲህ ናፍቆት የጠናበት ድምፅ ከእሳቸው ሰምቼ አላውቅም።

12:40፤ ደንገጎ

ጥምዝምዙን ዳገት ስንወጣ የድሬ ሙቀት ወደ ኋላ ቀረ። የመኪናው ሰዓት 6:40 ይላል።

«ልክ ነው?» አልኩት ሾፌሩን።

«አቦ፣ እሷን አትስሚያት፤ ጃፓን ናት! ስድስት ጨምሪላት።»

1:45፤ ሐረር

አወዳይ ላይ የጫት መኪኖች መንገዱን ዘግተው ትንሽ አቆዩን። ቤት ስደርስ አባዬ እርሳስና ወረቀት ይዘው ተቀምጠዋል። ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህር ናቸው፤ ካላሰሉ አያምኑም።

«ፈረንጅ ቀኑን ከእኩለ ሌሊት ይጀምራል፤ እኛ ከንጋት። ሲንጋፖር ከእኛ አምስት ሰዓት ትቀድማለች። በወደቡ ሰዓት ከቀኑ ሦስት ማለት ለእኛ አራት ነው።»

«ልጄ ሦስት ካለ ሦስት ነው» አለች እማዬ። «ሰዓት መቁጠር የተማረው እዚህ ቤት ነው።»

«መርከብ በአንቺ ጓዳ ሰዓት አይሄድም!» አሉና ተነሱ። ልጃቸው ጢማቸው አድጎ እንዲያያቸው አልፈለጉም። ጀጎል፣ ሸዋ በር አጠገብ ወዳለው ፀጉር አስተካካይ ሄዱ።

3:00

ልክ በሦስት ሰዓት ስልኬ ጮኸ። እማዬ የናሆምን ፊት ስታይ የስልኩን መስታወት ሳመችው፤ አለቀሰች፤ «ከስተሃል» አለችው። ወዲያው ስልኩን እጄ ላይ ጣለችና «አባትሽ! ሩጪ!» አለችኝ።

ባጃጅ ውስጥ ዘልዬ ገባሁ። መስመሩ እንዳይቋረጥ እየተሳልኩ ስልኩን በሁለት እጄ ያዝኩት።

«ካሜራውን አዙሪልኝ» አለ ናሆም። «የጀጎልን ግንብ ልየው።»

አዞርኩለት። ግንቡ አልፎ፣ በሩ አልፎ፣ ቲማቲም ሻጮቹ እስኪያልፉ ድረስ ዓይኑን አልነቀለም።

3:15፤ ጀጎል

አባዬ ግማሽ ፊታቸው አረፋ እንደሆነ ስልኩን ተቀበሉኝ። ሁለት ዓመት ያጠራቀሙት ነገር ሁሉ ጠፋባቸውና «እዚያ ስንት ሰዓት ነው?» አሉት።

«ወደቡ ላይ በፈረንጅ ከቀኑ ሁለት ከሩብ ነው። የእጄ ሰዓት ግን ሦስት ከሩብ ይላል፣ አባዬ። ከቤት ከወጣሁ ጀምሮ አልነካሁትም።»

አባዬ አረፋውን ከከንፈራቸው ጠረጉ። «ባሕሩን የብስ ያድርግልህ፣ ልጄ። በሰላም ሄደህ በሰላም ግባ።»

ምስሉ ቀጥ አለ። መስመሩ ተቋረጠ። ደጋግሜ ደወልኩ፤ አልገባም አለ።

«አሜን ብሏል?» አሉኝ አባዬ።

እኔ አልሰማሁም። መዋሸትም አቃተኝ።

«እኔ ሰምቻለሁ፣ ጋሼ» አለ ፀጉር አስተካካዩ ምላጩን እየጠረገ። «ቀና ይበሉ።»