ስዊቹን ያለበሰችው ዳንቴል

ኮምፒውተር ማንም አላስተማረኝም፤ እየነካካሁ፣ እያበላሸሁ ነው የለመድኩት። ስለዚህ ሶዶ ውስጥ በምሠራበት ትንሽ ክሊኒክ ኔትወርኩ በቆመ ቁጥር ሁሉም ወደ እኔ ያያል። ጠዋት ደህና ነው። ፀሐይ ስትበረታ ግን ከካርድ ክፍል የተላከ ነገር ሐኪሙ ጋ አይደርስም፤ ከሻንቶ ማልደው የመጡ ሰዎች አግዳሚ ላይ ይቀራሉ። እኔም ነካክቼ ነካክቼ አቃተኝ።

ባለሙያ ተጠራ። ዞር ዞር ብሎ አየና «አርጅቷል፤ ሁሉም ይቀየር» አለ። ሥራ አስኪያጃችን፣ ከብዙዎቻችን በዕድሜ የምታንስ ሴት፣ እሺ ለማለት አልቸኮለችም። ምክንያቷን እናውቃለን፤ ዕቃው ከተገዛ የካርድ ክፍል ሠራተኛዋ ኮንትራት አይታደስም፤ ለሁለቱ የሚበቃ በጀት የለም። ይህቺን ሠራተኛ ሁላችንም እትዬ ነው የምንላት። ቤቷን ብቻዋን ነው የምታስተዳድረው።

«እትዬ፣ ምን ይሻላል?» አለቻት ሥራ አስኪያጇ።

«ሕዝቡ ከሚጉላላ ይገዛ እንጂ! እኔን እግዚአብሔር አይጥለኝም።» እንዲህ ብትልም ቀና ብላ አላየችንም።

በማግስቱ ሥራ አስኪያጇ ቢሮዋን ትታ ካርድ ክፍል ዋለች። ልክ ኔትወርኩ ሲቆም ተነሥታ ኬብሉን በእጇ እየዳሰሰች ተከተለችው፤ እኔም ከኋላዋ። ኬብሉ መደርደሪያው አናት ላይ ያለው ስዊች ዘንድ አደረሰን፤ ኮምፒውተሮቹን የምታገናኘው ትንሿ ሳጥን ማለቴ ነው። ሳጥኗ ግን የት ትታያለች! እትዬ በኪሮሽ የሠራችው ባለ አበባ ዳንቴል፣ ለሁለት ታጥፎ፣ እስከ እግሯ ሸፍኗታል። እኛ ዘንድ የተከበረ ዕቃ እርቃኑን አይቀመጥም፤ ቴሌቪዥኑም ሬዲዮውም ይለብሳል። ባለሙያው የመጣ ዕለት ዳንቴሉ ታጥቦ ገመድ ላይ ነበር። ያን ቀን ኔትወርኩም ሳይቆም ዋለ፤ ማናችንም አላገጣጠምነውም።

ሥራ አስኪያጇ እጇን ከዳንቴሉ ሥር ሰደደችና ቶሎ መለሰችው። እኔም ስዊቹን ነካሁት፤ መተንፈሻ አጥቶ ከድስት እንደወጣ ጎደሬ ይፋጃል።

ሣቄ ሊያመልጠኝ ሲል ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች። እኔ ብሆን፣ ወሬ ስወድ፣ አገር ይሰማልኝ ነበር። እሷ ግን ዳንቴሉን ቀስ ብላ አነሣችው፣ ዘረጋችው፣ ድምፅዋን ከፍ አደረገች።

«እትዬ! እንዲህ ያለ እጅ ሥራ ጣሪያ ሥር ይደበቃል? ሰው ይየው እንጂ!»

ወስዳ የእንግዳ መቀበያውን ጠረጴዛ አለበሰችው። እትዬ በወላይትኛ «ሎኦ፣ ሎኦ!»፣ ጥሩ ነው፣ ጥሩ ነው፣ እያለች ተደሰተች፤ ጥርሷ አልከደን አለ።

ኔትወርኩ ከዚያ ወዲያ በፀሐይ አልቆመም። ባለሙያው ሲደውል ሥራ አስኪያጇ «ወንድሜ፣ ለጊዜው ይቆየን» አለችው። እትዬም ኮንትራቷን ፈርማ ወጣችና ምሥራች ነገረችን፦ «ለምስጋና ለፕሪንተሩም አንድ ልሠራለት ነው።»

እኔ ዞር ብዬ ፕሪንተሩን አየሁት። ሥራ አስኪያጇ ፈገግ እንኳ ሳትል «ኧረ እትዬ፣ ፕሪንተሩ ምን ሠርቶ! መጀመሪያ ለእኔ ወንበር» አለች።

አሁን ወንበሯ ዳንቴል ለብሷል። ስትቀመጥ ያንሸራትታታል፣ ስትነሣ ከቀሚሷ ጋር ይነሣል። አንድ ቀንም አውልቃው አላየሁም።