እንዳይገዝፍባት

እህቴ ከልጅነቷ ደቃቃ ነበረች። ጋይንት ሳለን ጎረቤቱ ሁሉ «ይቺን ነፋስ ይወስዳታል» እያለ ይቀልድባት ነበር፤ እሷም አብራ ትስቅ ነበር። ወደ እስቴ ተድራ ስታረግዝ ግን ቀልዱ ቀረ። ጊዜው የጃንሆይ ነው፤ ሐኪም ቤት የሚባለው ደብረ ታቦር ነው፤ እዚያም የሚደረሰው በቃሬዛ ነው።

አማቷ ደግ ሴት ነበሩ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ሰው ለመፍረድ ስለሚቸኩል ነው። የገዛ ልጃቸው በምጥ ሞታባቸዋለች፤ ሕፃኑ ገዝፎ መውጫ አጥቶ። ስለዚህ የእህቴ ሆድ ገፋ ሲል እንጀራውን ያሳንሱባት ጀመር። ወተቱንም ቅቤውንም ከለከሏት። «ዳሌሽ ጠባብ ነው ልጄ፤ እንዳይገዝፍብሽ» ይሏታል። ላግዛት ሄጄ ሳለሁ ከጓዳ ቆሎ ዘግኜ ብሰጣት፣ «ተይ፣ እሳቸው ያዩትን እኛ አላየንም» ብላ መለሰችልኝ። ተናደድኩ። ግን ምን ልበል? እኔ ያልወለድኩ የተማሪ ቤት ልጅ ነኝ፤ እሳቸው ልጃቸውን የቀበሩ እናት ናቸው።

ምጡ እንደተመኙት ቀለለ። እልል ተባለ፤ አማቷ መሬት ስመው ማርያምን አመሰገኑ። የተወለደችው ሴት ናት፤ ከመዳፌ ብዙም አትበልጥም። አንዷ ጎረቤት «ምን ይደረግ፣ በእናቷ ወጥታ ነው» አለች። እናቲቱ ስንት ጊዜ ተርባ እንደተኛች የጠየቀ የለም።

ለእህቴ ገንፎው በቅቤ ተሞልቶ መጣ፤ አሁን ብይ ተባለች። በላች። ጡቷ ሞልቶ ቀሚሷን አራሰው። ሕፃኗ ግን መሳብ አቃታት። አፏን ከጡቱ እናገናኘዋለን፤ ጥቂት ትሞክርና ትደክማለች። በጣታችን ብናንጠባጥብላት ወተቱ በጉንጯ ይወርዳል። ቤት ሙሉ ሴት ከቦ ከማየት በቀር ያደረግነው የለም። ክርስትና ሳትነሳ ሞተች።

ከዓመት በኋላ እህቴ እንደገና አርግዛ ልጠይቃት ሄድኩ። አማቷ ምሳ አቀረቡ። ሙሉ እንጀራ ዘረጉላት፤ ወዲያው ግማሹን ቆርሰው አነሱ፤ ደግሞ መለሱት። ወደ እኔ ዞሩ።

«አንቺ የተማርሽ ነሽ፤ እስኪ ንገሪኝ። ትብላ ወይስ ትተው? እሷን ልቅበር ወይስ ልጇን?»

እህቴ እጇን ታጥባ ትጠብቅ ነበር።